የአባታችን የልክ ደብተር



ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አምስት እህትና ወንድም ሆነን ነው። አንዳችን የጻፍነውን ሌላችን እየሰረዝን፣ «ኧረ እንዲህ አልነበረም» እየተባባልን ስለሆነ ወጥ ባይሆን ዐፉ በሉን። ምክር ለመስጠት የሚበቃ ዕውቀት የለንም። ግን በየቤቱ ስንት እናትና አባት «ጃጅተዋል» ተብለው ጥግ ላይ እንደተቀመጡ እያየን ዝም ማለቱ ከበደን።

አባታችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ለተወሰነ ጊዜ «ነበሩ» እንል ነበር፤ አሁን ትተነዋል። ከሐይቅ አካባቢ ገጠር በልጅነታቸው ደሴ ገብተው፣ ከአንድ ሰፊ ስር ለማጅ ሆነው ክር ሲለቅሙ ጀምረው፣ በኋላ ፒያሳ አካባቢ በራሳቸው ጠባብ ክፍል ከ40 ዓመት በላይ በሲንጀር መኪና ሰፍተዋል። ሱሪ፣ ጀለቢያ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱፍ፤ ያልሰፉት የለም። ረመዷን የመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች ላይ ከተራዊሕ ሲወጡ ወደ ቤት አይመጡም፤ ወደ መኪናቸው ነው የሚሄዱት። እኛ ልጆቻቸው የዒድ ልብሳችንን የምናገኘው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ቀስቅሰው፣ ዓይናችን ሳይገለጥ ያለብሱናል፤ ያስዞሩናል፤ «ጎሽ፣ ተኛ» ይሉናል። ያ ነበር ዒዳችን።

ሕመሙ የጀመረው መቼ እንደሆነ ዛሬም አንስማማም። ትልቋ እህታችን እማዬ (አላህ ይርሐማት) ከሞተች በኋላ ነው ትላለች። እኛ ሌሎቻችን የምናስታውሰው ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ ይዞት የመጣውን ጀለቢያ ነው። ሁለቱም እጅጌ የቀኝ ነበር። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ለአንዱ ሁለት ጊዜ ሒሳብ መጠየቅ መጣ፤ ካልከፈለኝ ብለው ከሃያ ዓመት ደንበኛቸው ጋር መጣላት መጣ። አንድ ቀን ሸዋ በር መስጂድ መግሪብ ሰግደው ሲወጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት መንገድ ጠፋባቸው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው ዒሻ ካለፈ በኋላ ያመጣልን። አላህ ይስጠው።

መጀመሪያ የሄድንበት ሐኪም ቀና ብሎም ሳያያቸው «ዕድሜ ነው» ብሎ ሸኘን። ዘመድ ደግሞ «ዓይን ነው፣ ጂን ነው» አለን፤ ሩቅያ የሚያደርግ ሰው መጣ። ቁርኣን ሺፋእ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ቤት ውስጥ ሲቀራም አባታችን ይረጋጋሉ። ሰውየው ግን ከጆሯቸው ስር እየጮኸ «ውጣ! ውጣ!» ሲል፣ ተነስተው ወደ በሩ የሄዱት አባታችን ናቸው። «ወዴት ነው አባዬ?» ስንላቸው «ውጣ ተባልኩ እኮ» አሉን። የዚያን ቀን ፊታቸው ላይ የነበረውን እፍረት አንረሳውም። ሰውየውን ራሱን እኛ ነን የጠራነው።

በኋላ ያገኘናት ሐኪም ግን ጊዜ ሰጥታ መረመረቻቸው። መርሳትን የሚያመጣ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ከባድ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ሌላው ቀርቶ በአዛውንት ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሰውን ሊያደናግሩ ይችላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ስለዚህ «ዕድሜ ነው» ከተባላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የአባታችን ግን ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት በሽታ ሆኖ ተገኘ። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ግን የደረሰብን ብቸኛ ቤተሰብ የሆንን ይመስለን ነበር።

ሐኪሟ ያለችን አንድ ነገር በኋላ ለሁሉም ቁልፍ ሆነ። በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የቅርቡ ነው፤ የዛሬ ጠዋቱ፣ የትናንቱ። የሩቁ፣ የልጅነትና የጉልምስናው ይቆያል። እጅ የለመደው ሥራ ደግሞ አፍ ከረሳው በኋላም ሊኖር ይችላል። ሰማናት እንጂ ያኔ ምን እንደምናደርግበት አላወቅንም።

በመካከሉ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ደሴ ስትለቀቅ ይዘናቸው ወደ አዲስ አበባ ሸሸን፤ በሰው ቤት፣ በማያውቁት በር፣ በማያውቁት መጸዳጃ ስንት ወር ተቀመጡ። እዚያ ነው በጣም የወረዱት። ስንመለስ የሱቋ መሳቢያዎች ባዶ ነበሩ። ሲንጀሯ ግን ብረት ከባድ ስለሆነች ሳትወሰድ ቀርታለች። አልሐምዱሊላህ።

አሁን ወደምናፍርበት እንምጣ።

አባታችን በየቀኑ ከዐስር በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ጦሳ ስታዘቀዝቅ፣ መረበሽ ይጀምራሉ። ይህ የበሽታው ጠባይ ነው፤ ብዙዎቹ ሲመሻሽ ይብስባቸዋል። የሚጠይቁትም አንድ ነው። «ወንድሜ ከአሰብ አልገባም?»

ወንድማቸው፣ አጎታችን፣ በአሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከሚሌ አሰብ ሲመላለስ ለአባታችን ቴትረንና ቁልፍ ያመጣላቸው ነበር። በ1981 መኪና ተገልብጦ ሞቷል። እኛም ሐቁን መናገር ግዴታችን ነው ብለን፣ «አባዬ፣ አጎታችን ሞቷል እኮ፤ ረሱት?» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ልክ እንደ አዲስ ይሰማሉ። «መቼ? ማን ቀበረው? እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?» ብለው ያለቅሳሉ። ከመግሪብ በኋላ ይረሱታል፤ ልቅሶው ግን ፊታቸው ላይ ይቀራል፤ ለምን እንዳዘኑ ሳያውቁ ያዝናሉ። በማግስቱ ደግሞ «ወንድሜ ከአሰብ አልገባም?» በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ መርዶ አራት ጊዜ አረዳናቸው። ያ ሐቅ መናገር ነው ብለን ነው።

ትንሹ ወንድማችን አላስቻለውም። «ነገ ይገባል አባዬ» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የሠራ መሰለ። ከዚያ አባታችን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው መንገድ መንገዱን ማየት ጀመሩ፤ ብርድ ልብስ ብንጥልላቸው አይገቡም። ትልቋ እህታችን «ይኼ ከዚብ ነው፤ አባታችንን በውሸት ነው እንዴ የምናኖረው?» አለች። «አንቺስ በየቀኑ የምትገድያቸው ምን ይባላል?» አላት። በዚህ ጉዳይ ሁለት ወር ተኳርፈዋል። ይህን አንቀጽ ሁለቱም እንዲወጣ ፈልገው ነበር፤ እኛ ሦስታችን አስቀረነው።

በመጨረሻ ልጆቻችንን የሚያቀሩትን ኡስታዝ ጠየቅናቸው። እሳቸው ፈትዋ ለመስጠት አልቸኮሉም። መጀመሪያ በሱረቱ ነሕል 70ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ከሰዎች መካከል ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ዕድሜ የሚመለስ እንዳለ መናገሩን አስታወሱን፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ መዘገቡን ነገሩን። «የመጣባችሁ አዲስ ነገር አይደለም» አሉን። ከዚያ ወደ ጥያቄያችን ሲመለሱ፣ ሳትዋሹም ልባቸውን ሳትሰብሩም የምታልፉበት መንገድ ካለ እሱን ያዙ፤ ስለ ወንድማቸው ከመመለስ ይልቅ ስለ ወንድማቸው ጠይቋቸው አሉን።

በማግስቱ «ወንድሜ ከአሰብ አልገባም?» ሲሉ ትልቋ እህታችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «አጎታችን ናፈቀዎት አባዬ? ባለፈው ከአሰብ ምን ነበር ያመጣልዎት?» አለቻቸው። አባታችን ፊታቸው በራ። ስለ ቀይ ቴርሞስ አወሩ። ስለ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ቴትረን፣ ለስንት ሱሪ እንደበቃ፣ ወንድማቸው ሐራራ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ጨርቁን ተንተርሶ እንዳደረ አወሩ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፤ እሳቸው ወሬውን አልጨረሱም። የመግሪብ አዛን ተባለ። ወደ በረንዳ አልወጡም።

ውሸት አልተናገርንም። መርዶም አላረዳንም። ይቺን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀብን።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ነገር በሕክምናውም ዓለም መንገድ እንዳለው በኋላ አነበብን። ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አዛውንት ወደ ኋላ እየተመለሱ ማውራታቸው የመጃጀት ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት፣ ሕይወታቸውን መለስ ብለው የሚያዩበት ተፈጥሯዊ ነገር እንደሆነ ተከራክሮ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር አሮጌ ፎቶ፣ ዕቃና ሙዚቃ ይዞ ያለፈውን ማስወራት የታወቀ የእንክብካቤ ዘዴ ሆኗል። በሽታውን አያድንም። የአባታችንን አላዳነም፤ ከአምናው ዘንድሮ ብሰዋል። ግን ቤታችን ውስጥ አባት አለን።

ደብተሩን ያገኘነው የሱቋን ዕቃ ስንለቅም ነው። ቁልፍ በሚቀመጥበት የቆርቆሮ ሳጥን ስር፣ ጠርዙ የተበላ ወፍራም የሒሳብ መዝገብ። ውስጡ በእርሳስ የሰው ስምና ቁጥር፤ «ቁ» ቁመት፣ «ት» ትከሻ፣ «ወ» ወገብ፣ «እ» እጅጌ። የግማሽ ከተማ ልክ እዚያ ውስጥ አለ ብንል አልዋሸንም።

አንድ ቀን ትንሹ ወንድማችን ለጨዋታ ያህል ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ስም ጠራና «ቁመት 142፣ ትከሻ 44» አለ። አባታችን ጭልጥ ብለው ከሄዱበት ተመልሰው፣ «ግራ ትከሻው ይወርዳል» አሉ። «እሱ አያውቀውም። በገበር ነው የደበቅኩለት።» ሁላችንም ተያየን። ሌላ ስም አነበበ። «እሱ ያረጋግጣል፤ ግን ይከፍላል።» ሌላ። «ኢና ሊላህ… ጥሩ ሰው ነበር፤ ለሰርጉ ሱፍ ሰፍቼለት ሳይለብሰው ቀረ።» ሌላ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ይቺ እንኳን ቀሪ አለባት» አሉ። አርባ ዓመት ያለፈው ቀሪ ሒሳብ!

እኛ የልጆቻቸውን ስም እየቀያየሩ የሚጠሩን አባት፣ የሰውን ትከሻ ግን አይሳሳቱም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ የቤታችን ቂርኣት ሆነ ማለት ይቻላል። ከዐስር በኋላ፣ የሚረበሹባት ሰዓት ሳትደርስ፣ አንዳችን ይዘን እንቀመጣለን። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። አንፈትናቸውም። «ይሄ ማን ነው? አስታወሱት?» አንልም። እናነባለን፣ እንጠብቃለን፤ ካሉ አሉ፣ ካላሉ ቀጣዩን።

«አወቁኝ?» የምትለዋን ቃል ከቤታችን ለማስወጣት ግን የተዋጋነውን ያህል በምንም አልተዋጋንም። ጠያቂ ይመጣል፤ ደግ ሰው ነው፤ ብርቱካንና ስኳር ይዞ ነው የመጣው። ገና ሳይቀመጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አባባ፣ አወቁኝ? ማን ነኝ? እስቲ ንገሩኝ!» ይላል። አባታችን ጨዋ ናቸው። «እንዴት አላውቅህም!» ይላሉ። ከዚያ ላብ ያጠምቃቸዋል። ጠያቂው ከሄደ በኋላ «ማን ነበር? አሳፈርኩት ይሆን?» እያሉ ያመሻሉ። አሁን እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቀድመን እንነግረዋለን፤ ስምህን ራስህ ተናገር፣ ሰፍተውልህ የሚያውቁትንም ንገራቸው። አንድ ጎረቤታችን ገብቶ «አባባ፣ በሆጤ ትምህርት ቤት ስማር ካኪ ዩኒፎርም የሰፉልኝ ልጅ ነኝ፤ ጉልበቱ ላይ ደግመው ጠጋኝ አድርገውልኛል» ሲላቸው እጁን ይዘው አልለቁትም። ስሙን አያውቁም። ጉልበቱን አውቀውታል።

መኪናዋንም ቤት አመጣናት። እዚህ ላይ ስህተት ሠርተናል። እጃቸውን እንዳይወጉ ብለን መርፌዋን አውጥተን ሰጠናቸው። ቁጭ አሉ፤ ፔዳሉን ረገጡ፤ እግራቸው ምንም አልረሳም። ከዚያ ቆሙና ጎንበስ ብለው አዩ። «መርፌዋ የታለች?» ዝም አልን። «ያለ መርፌ የሚሰፋው እብድ ነው» አሉ፤ ተነስተው ሄዱ። ትክክል ናቸው። ለአንድ ሳምንት ወደ መኪናዋ አልቀረቡም። አሁን መርፌዋ ትሠራለች፤ አንዳችን አጠገባቸው ካለን ብቻ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በእጅ የሚወሰወስ ጨርቅ እንሰጣቸዋለን፤ ማታ መርፌዎቹን ቆጥረን እንረከባለን። የሚሰፉት አንዳንዴ የተጣመመ ነው። ልጆቻችን ትራስ ልብስ ይሉታል፤ ብለው ተኝተውበታል።

ያለፈው ሁሉ ግን ደግ አይደለም። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ አንዱን ቤተሰብ እንጎዳለን።

አባታችን ደስ ብሏቸው ከሚያወሩት አንዱ ከ1966ቱ የሚያዝያ 12 የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ ዒዶቻችን የሀገር በዓል ሆነው ሲታወጁ የነበረውን ነው። አዲስ አበባ ሰልፉ ላይ አልነበሩም፤ ደሴ ነበሩ። ግን «በዓላችን የመንግሥት ካላንደር ላይ ገባ» ተብሎ የመጣላቸውን የሥራ ብዛት ሲያወሩ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ይሆናል። ትንሹ ወንድማችን ይህን ስለወደደው አንድ ምሽት «አባዬ፣ በ66 ሌላስ ምን ነበር?» አላቸው።

ማሰብ ነበረብን። 66 ወሎ ላይ ምን እንደነበር የማያውቅ የለም።

አባታችን ፊታቸው ተለወጠ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ መለካት ጀመሩ። «ጨርቁ አለቀ» አሉ። «አቡጀዲው አለቀ። ለሕፃኑስ?» መጀመሪያ አልገባንም። ሌሊቱን ሙሉ ይነሳሉ፤ «አለቀ እኮ፣ ሌላ ሁለት አምጥተዋል፣ በምን እንሸፍናቸው?» ይላሉ። ያኔ ነው የገባን። በዚያ ክፉ ቀን ከገጠር ደሴ ለምግብ መጥተው መንገድ ላይ ለወደቁት ከፈን ይቆርጡ ነበር። ይህን ለእኛ አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። እማዬ ታውቅ እንደሆነም አናውቅም። ለሃምሳ ዓመት የያዙትን ሕመሙ ገለጠው፤ እኛ ደግሞ ሳናውቅ ጎተትነው።

«አባዬ፣ ያ አልፏል» ብንላቸው አልሰሙንም። ለእሳቸው አላለፈም። ሊነጋጋ ሲል ትልቋ እህታችን ተነስታ ሳጥን ከፍታ፣ ያልተቆረጠ ነጭ አቡጀዲ አወጣችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ይኸው አባዬ፣ ጨርቅ አለ። ብዙ አለ።» ዳሰሱት። በጣታቸው ለኩት። «ይበቃል» አሉ። ጥግ ለጥግ አጣጥፈው ራስጌያቸው አስቀምጠው ተኙ። ያ ጨርቅ ዛሬም ራስጌያቸው ነው። አናነሳውም።

ከዚያ ወዲህ 66ንና 77ን ራሳችን አናነሳም። እሳቸው ካነሱት ግን አናቋርጣቸውም፤ ከጎናቸው እንቀመጣለን፤ ለሞቱት አብረን ዱዓ እናደርጋለን።

ሶላትን በተመለከተ ብዙዎች ስለምትጠይቁን፤ እኛም ተጨንቀንበት ነበር። ዙህርን ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ረከዓ ይጠፋባቸውና ሱጁድ ላይ ይቀራሉ። ቀድሞ እንቆጣ ነበር፤ «ሰግደዋል እኮ!» እያልን። ኡስታዙ፣ የተኛ እስኪነቃ፣ ሕፃን እስኪደርስ፣ አእምሮውን ያጣ እስኪመለስለት ብዕር የተነሳለት መሆኑን የሚገልጸውን ሐዲስ ጠቅሰው አረጋጉን። አሁን አንዳችን ከጎናቸው ቆመን ድምፅ አሰምተን እንሰግዳለን፤ ይከተላሉ። የራሳቸውን የቤት በር የማያውቁ ሰው፣ ፋቲሓ ላይ አንዲት ሐርፍ አይስቱም። በሐይቅ ገጠር፣ በጥላሸት ቀለም ሉሕ ላይ የጻፉት ነው። ሉሑ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሼኹ በየትኛው እጃቸው ዱላ ይይዙ እንደነበር ጭምር ይነግሩናል።

አሁን ስለ ጅዳዋ እህታችን።

ከእኛ አራተኛዋ በ2005 ለቤት ሥራ ጅዳ ሄደች። ይህ ሁሉ ሕክምና፣ ኪራይ፣ መድኃኒት የተከፈለው በእሷ ላብ ነው፤ በግልጽ እንናገረው። በኢሞ በየጁሙዓው ትደውላለች። ስልኩን ከፊታቸው ስናደርግ «አባዬ፣ እኔ ነኝ፤ አወቁኝ?» ትላለች። እሳቸው ስልኩን ገልብጠው ከጀርባው ያያሉ። አንዳንዴ በእህታቸው ስም ይጠሯታል። አንድ ጊዜ «ይቺ ሴትዮ ለምን ታለቅሳለች?» አሉን፤ ስልኩ ክፍት ነበር፤ ሰማች።

መምጣት ፈለገች። አሠሪዎቿ ሄዳ የምትመለስበትን ፈቃድ ከለከሏት፤ ከመጣች ኢቃማዋ ይቃጠላል፤ መመለሻ የለም። እኛ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለን፣ ተከፋፈልን። «እዚያው ሆና ብትረዳቸው ነው የሚጠቅማቸው፤ መጥታም አያውቋትም» ያልን አለን። የፈራነው ለእሷ ይሁን ለሚቀርብን ገንዘብ ዛሬም ራሳችንን እንጠይቃለን። እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን። «ብመጣ ያውቁኛል?» ማናችንም «አዎ» ማለት አልቻልንም። ትንሹ ወንድማችን ግን ደብተሩን ከፈተና በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከላት።

ደብተሩ ውስጥ የኛም ገጽ እንዳለ የዚያን ሰሞን ነው ያየነው። ከመጨረሻው አካባቢ፣ የአምስታችን ልክ፣ በየዓመቱ፣ ከዒድ በፊት የተለካ። የእሷ ከሦስት ዓመቷ ይጀምራል፤ ቁመት 50። በየመስመሩ እያደገች ትወርዳለች። የመጨረሻው 2005፤ ለጉዞዋ የሰፉላት ረጅም ቀሚስ፤ ቁመት 138፣ ትከሻ 39። ከስሩ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ የተጻፈባቸው መስመሮች አሉ። 2006፣ 2007፣ 2008። ልኩ ባዶ ነው።

በዘንድሮው ሻዕባን መጣች።

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስናመጣት መንገዱን ሙሉ አስጠነቀቅናት። «አወቁኝ አትበያቸው። አታልቅሺባቸው። ስምሽን ተናገሪና ቁጭ በይ።» እሺ አለች። ስንገባ አባታችን መኪናቸው ፊት ተቀምጠው አንድ የትራስ ልብስ ያገላብጣሉ። ቀና ብለው አዩአት። ተነሱላት። ከኛ ለማንም አይነሱም፤ ለእንግዳ ነው የሚነሱት። «ይግቡ፣ ይግቡ፤ ወንበር ስጧት ለእመቤቲቱ» አሉ። እህታችን የነገርናት ሁሉ ጠፋባት። ስሟንም አልተናገረችም። ቆማ ቀረች።

ትልቋ እህታችን ናት የደረሰችላት። «አባዬ፣ ለዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ነው የመጣችው» አለች። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ጨርቁን ከጅዳ ይዛ መጥታለች።

አባታችን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «ይቁሙ እስቲ» አሏት፤ በአንቱታ። «እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ።» እጅጌዋን ለኩ። ትንሹ ወንድማችን እንደ ለማጅ ደብተሩን ይዞ ጻፈ። ቁመት፣ 138። «እዚህ ጋ ይዙሩልኝ።» ዞረች። ትከሻዋን ለኩ፤ 39። ሜትሩን መልሰው ለኩ። እጃቸው እዚያው ቀረ። እህታችን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስለነበር አላየችም፤ እኛ አየን፤ በአውራ ጣታቸው የትከሻዋን አጥንት ቀስ እያሉ ይዳስሳሉ። እሷ ልቅሶዋን ለመያዝ ጎበጥ ብላለች።

ከዚያ ጀርባዋን በመዳፋቸው መታ አደረጉና፣ «ቀጥ በይ» አሏት። «ሁልጊዜ ትጎብጫለሽ። ቀጥ በይ አልኩሽ እኮ።»

ቀጥ አለች። ሜትሩን አጥፈው አንገታቸው ላይ መለሱ፤ ጨርቁን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን አዩት። ለዒድ ይደርስ እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሥራ እንደበዛባቸው ነገሩን።